ሰይጣን ሁለት ዓይን የለውም

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጎረቤት ማለት አጥር ማለት ነው። ሰውየውን በስም ላታውቀው ትችላለህ፤ የቱ ጣውላው እንደበሰበሰ፣ የቱ ሚስማሩ እንደወለቀ ግን አሳምረህ ታውቃለህ። የእኛ ጎረቤት ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ዕድሜዋ አንቱ የሚያስብል ነው፤ ነገር ግን ማዕረግ አልወድም ስላለች በባዶ ስሟ እየጠራን በሆዳችን ይቅርታ እንጠይቃታለን። ሌላው ጡረተኛ ጓሮው ውስጥ ቲማቲም ይተክላል። እሷ የጓሮዋን አጥር ዙሪያውን በታሮት ካርታ ሥዕል ልትሸፍነው ተነሣች።

ታሮት ሲባል አብዛኞቻችን ዓይናችን ላይ የሚመጣው ሻሽ ጠምጥማ፣ ሻማ አብርታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትጠነቁል የፊልም ሴትዮ ነች። ነገሩ ሲጀመር ግን ጥንቆላ የሚባል ወሬ አልነበረውም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ መሳፍንቱ ማታ ማታ የሚጫወቱበት ካርታ ነበር፤ የእነሱ ኮንከር በለው። ባለጸጋው መስፍን ሠዓሊ ይቀጥርና ካርታውን በወርቅ ቅብ ያሠራዋል። የሚላን ገዢዎች የነበሩት ቪስኮንቲዎችና ስፎርዛዎች ያሠሯቸው ዛሬም በየሙዚየሙ አሉ። ካርታው በጠቅላላው 78 ነው። 56ቱ እንደማንኛውም ካርታ በአራት ዓይነት የተከፋፈሉ ናቸው፤ የቀሩት 22ቱ ግን ባለ ሥዕል ናቸው፦ ንጉሡ፣ ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱ፣ ባሕታዊው፣ ሞት፣ ሰይጣን፣ ፀሐይ፣ ዕለተ ፍርድ እያሉ ይቀጥላሉ።

ጥንቆላው የመጣው ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1781 ኩር ደ ዤብላን የሚባል ፈረንሳዊ፣ እነዚህ ካርታዎች የጥንት ግብፅ ካህናት ጥበባቸውን የደበቁባቸው መጻሕፍት ናቸው ብሎ ጻፈ። በዚያን ጊዜ የግብፅን ጥንታዊ ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው በምድር ላይ አልነበረም፤ ሻምፖሊዮን ምስጢሩን የፈታው በ1822 ነው። ማንም ሊያርምህ በማይችልበት ነገር ላይ ሊቅ መሆን እንዴት ደስ ይላል! ከዚያ ወዲህ ካርታው ከቁማር ጠረጴዛ ተነሥቶ የጠንቋይ ጠረጴዛ ላይ ወጣ።

ጎረቤቴ ነገሩን ያመጣችው ከጠንቋይ ቤት አይደለም፤ ከጣሊያን ጉብኝት ነው። ቶስካና ውስጥ፣ ካፓልቢዮ አጠገብ፣ ኒኪ ደ ሳን ፋል የተባለች የፈረንሳይና የአሜሪካ ዜጋ የሠራችው የታሮት አትክልት ቦታ አለ። 22ቱን ካርታዎች በሐውልት አቁማ፣ አንዳንዱን ቤት አሳክላ፣ በመስታወት ስባሪና በሴራሚክ ለብጣ፣ ሃያ ዓመት ያህል ለፍታበት እ.ኤ.አ. በ1998 ለሕዝብ ከፈተችው። ለገንዘቡ በራሷ ስም ሽቶ አስወጥታ ሸጣለች። ሥራው ሲካሄድ የምትኖረው «ንግሥቲቱ» በተባለችው ሐውልት ሆድ ውስጥ ነበር፤ መኝታ ቤቷ በአንደኛው ጡት፣ ማድ ቤቷ በሌላኛው። ጎረቤቴ ይህን ዓይታ ስትመለስ የጓሮዋ አጥር ራቁቱን መሆኑ ታያት።

አቅም ግን አቅም ነው። መስታወትና ሲሚንቶ ቀርቶ በቀለም ሆነ። ለአርአያ የወሰደችው እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ የታተመውን፣ ዛሬ በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ የሚታወቀውን ካርታ ነው። ሥዕሉን የሠራችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ትባላለች። ሥራው ብዙ፣ ክፍያው ጥቂት መሆኑን ለአንድ ወዳጇ በደብዳቤ ነግራዋለች። ካርታው በአሳታሚውና በደራሲው ስም ሲታወቅ ኖሮ፣ እሷ በ1951 ስትሞት የተረፋት ዕዳ ነበር። ይህንን ታሪክ ስሰማ የሀገሬ ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ትዝ አሉኝ፤ አሠሪው ባላባት ከሥዕሉ ግርጌ ተንበርክኮ ይሣላል፣ ስሙም ይጻፋል፤ የሠዓሊው ግን ብዙ ጊዜ የለም።

ጎረቤቴ ሂሳቧን የሠራችው በነርስ ጥንቃቄ ነው። ካርታው 7 ሴንቲ ሜትር በ12 ነው። አጥሩ ቁመቱ 1.80 ሜትር። በ15 ስታበዛው ልክ ገጠመላት፦ ካርታው ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ነገር አጥሩ ላይ 15 ይሆናል፣ ወርዱም 1.05 ሜትር። አንዱ የአጥር ክፋይ ሁለት ካርታ ይይዛል፤ 22 ካርታ በ11 ክፋይ ያልቃል፤ 27 ሜትር ያህል አጥር። ካርታው ላይ በእርሳስ ካሬ አሰመረች፣ አጥሩ ላይ በጠመኔ ካሬ አሰመረች፣ ከዚያ ካሬ በካሬ መገልበጥ ጀመረች። እዚህ ድረስ ሰላም ነው። ጣውላ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ቀለሙ እንዲይዝ በመጀመሪያ ልሙጥ ነጭ ትቀባዋለህ፤ ጉጡ ሙጫውን በነጩ ውስጥ እያሳለፈ ቢጫ እንባ ያወጣል። ጣውላው ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና በየመካከሉ ክፍተት ይፈጠራል፤ ፀሐይዋ ላይ ልክ በአፍንጫዋና በጉንጯ መካከል የኛ ጓሮ ልብስ ማስጫ ገመድ መታየት ጀመረ።

የሚገርመው ግን የጀመረችው ከመጀመሪያው ካርታ አይደለም። ከ13ኛው ነው። 13ኛው ሞት ነው።

በዚህ መካከል ባለቤቴ ወለደች፤ አራስ ለማረስ እናቷ ከጎንደር መጡ። አማቴ ጾም የማያፈርሱ፣ ኪዳን የማያስታጉሉ፣ ሥዕል የሚያነብቡ ሴት ናቸው። ሥዕል የሚያነብቡ ያልኩት አስቤበት ነው። እኛ ፊደል በቆጠርንበት ዕድሜ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ቆመው ማን ማንን እንደወጋ፣ ማን ስለምን እንደተሰቀለ፣ የየትኛው ጻድቅ አንበሳ የትኛው እንደሆነ ተምረዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች አንድ በአንድ የሚተዋወቋቸው ነው የሚመስለው።

ሚያዝያ 23 ቀን ጠዋት፣ ዓመታዊው የጊዮርጊስ በዓል፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ስኒያቸውን ይዘው የኋላ በረንዳ ላይ ወጡ። ከበረንዳው የጎረቤት ጓሮ ወለል ብሎ ይታያል። ጎረቤቴ የፈረሱን ቀለም ገና መጨረሷ ነበር፤ አንድ እግሩን ያነሣ፣ አንገቱን የቀለበሰ፣ ያማረ ነጭ ፈረስ። ላዩ ላይ የሚቀመጠው በጠመኔ ብቻ ተነክቷል። ከፈረሱ እግር ሥር አንድ የወደቀ ነገር አለ።

«እልልልልልል!»

ጨርቃ ጨርቅ የምታጥፈው ባለቤቴ ከውስጥ ብድግ አለች። ጎረቤቴ ብሩሿን እንደያዘች ቀና ብላ በፈገግታ እጇን አወዛወዘች። አማቴ ሦስት ጊዜ አማተቡ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና ወደ እኔ ዞሩ። «አየህ ልጄ፣ ፈረንጅ አገር ነው ብለህ አትናቅ። ዕለቱን ጠብቃ ጊዮርጊስን የምትሥል ጎረቤት ሰጥቶሃል። ስለቱን የምታደርስ ብትሆን ነው።»

ዝም አልኩ። አማት ሲደሰቱ አይታረሙም።

ከሰዓት በኋላ ገንፎውን አገንፍተው፣ ለአራሷ አቅርበው፣ እንደገና ብቅ አሉ። በዚያ መሃል ባለ ፈረሱ ፊት አውጥቷል። ፊት ማለቱ ይከብዳል፤ የራስ ቅል ነው። ጥቁር ጥሩር የለበሰ፣ ጥቁር ሰንደቅ የያዘ አጽም ነጩ ፈረስ ላይ ጉብ ብሏል፤ ከእግሩ ሥር የወደቀው ዘንዶ ሳይሆን ዘውዱ የተንከባለለ ንጉሥ ነው። አማቴ የበረንዳውን እንጨት ጨብጠው ረጅም ጊዜ ቆዩ።

«ጊዮርጊስን ምን አደረገችው?»

ጊዮርጊስ እንዳልሆነ፣ ሞት እንደሆነ፣ ካርታ እንደሆነ ላስረዳ ሞከርኩ። ከንግግሬ ሁሉ የሰሙት አንድ ቃል ብቻ ነው። «ሞት? በአራስ ቤት ትይዩ?» መጋረጃው ተዘጋ። ከአራሷ ትራስ ሥር ቢላዋ ገባ። ለሁለት ቀን ያህል ቡናችንን የጠጣነው በመንገድ በኩል ባለው መስኮት ሥር ነበር።

እርቅ የመጣው ጎረቤቴ ለሕፃኑ ራሷ የሠራችውን የክር ኮፍያ ይዛ ስትመጣ ነው። አማቴ እንግዳ አይገፉም። ሆኖም ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ጥያቄው መጣ፣ እኔም አስተረጎምኩ፦ ከዚያ ሁሉ ካርታ መካከል ስለምን ከሞት ጀመረች? ጎረቤቴ አልተቆጣችም። የሥራ ዘመኗን የጨረሰችው የሚሞቱ ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ውስጥ ነው። ሌሎቹን ሥዕሎች ስትሠራ ሁሉ የእሱን ተራ እያሰበች ከምትሳቀቅ መጀመሪያ ሠርታው ብትገላገል እንደሚሻል እንደታያት ነገረችን። ደግሞም ካርታ አንባቢዎች 13ኛውን ለውጥ ብለው እንጂ ሞት ብለው እንደማይፈቱት ጨመረች።

አማቴ የመጀመሪያውን ተቀበሉ። «እውነቷን ነው። የሚፈሩትን እንግዳ አስቀድሞ አስተናግዶ መሸኘት ነው።» ሁለተኛውን አልተቀበሉም። «ሞት ሞት ነው። ለውጥ ቢሆን ኖሮ ለውጥ ይባል ነበር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ መጋረጃው ተከፈተ፤ አማቴ የአጥሩ መርማሪ ሆኑ። እያንዳንዱ ካርታ ከጠመኔ ወደ ቀለም ሲሸጋገር በረንዳ ላይ ሆነው ስሙን ያወጡለታል። በአንድ እግሩ ቁልቁል የተንጠለጠለው፣ በራሱ ዙሪያ ብርሃን ያለው ሰውዬ ያለ አንዳች ክርክር ጴጥሮስ ነው። «እንደ ጌታዬ ልሰቀል አይገባኝም ብሎ ቁልቁል ተሰቅሏል፤ ሁለተኛውን እግሩን ማሰር ረስታለች እንጂ።» ፋኖስ ይዞ በትር ተመርኩዞ የቆመው ሽማግሌ ባሕታዊ ነው፤ በዚህስ ካርታውም ይስማማል። የአንበሳውን አፍ በእጇ የያዘችው ሴት ትንሽ አከራከረች፤ አንበሳ ያለው ጻድቅ ብዙ ነው፤ ሴት ግን አልተገኘችም። መለከት የሚነፋውና ሙታን ከሣጥን የሚነሡለት መልአክ ገብርኤል ነው ተባለ። የመጨረሻው ካርታ፣ «ዓለም» የሚባለው፣ በአራቱ ማዕዘን የሰው፣ የንስር፣ የበሬና የአንበሳ ራስ አለበት። አማቴ ይህን ሲያዩ እንደገና እልል ሊሉ ከጀላቸው፤ በፊተኛው ስለተታለሉ ግን ቆጠብ አደረጉት። «አርባዕቱ እንስሳ ናቸው። ኅዳር 8 ይነግሣሉ። ይቺን መካከል ላይ ራቁቷን የምትጨፍረዋን ብቻ ልብስ ታልብሳት።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ለእኔ የጣመኝ። ጎረቤቴ እያንዳንዱን ሥዕል የምትፈታበት መጽሐፍ አላት፤ የተሰቀለው ሰውዬ በመጽሐፏ ትዕግሥት ነው፣ ነገርን በሌላ ዓይን ማየት ነው። አማቴ መጽሐፍ የላቸውም። ነገር ግን ከሁለቱ ለአሮጌው ጣሊያን የሚቀርቡት አማቴ ናቸው። መለከተኛው መልአክ ከመቃብር የሚነሡትን ሙታን ይዞ የመጣው ከግብፅ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው፤ አራቱ እንስሳም ከሕዝቅኤልና ከዮሐንስ ራእይ። ካርታውን የሣሉት ሰዎች እሑድ እሑድ የሚያዩት እሱን ነበር።

የተሰቀለው ሰውዬማ ታሪኩ ከሁሉም ይበልጣል፤ እሱ መጀመሪያውኑ የግድግዳ ሥዕል ነው። በዚያ ዘመን የጣሊያን ከተሞች ከሃዲን፣ አጭበርባሪን፣ ዕዳውን ሳይከፍል የጠፋን ሰው ሲያጡት ምስሉን በአንድ እግሩ ቁልቁል አንጠልጥለው አደባባይ ላይ ግድግዳ ላይ ያሥሉት ነበር። ቦቲቼሊ ራሱ፣ እነዚያን የሚያማምሩ ሴቶች የሣለው፣ እ.ኤ.አ. በ1478 ፍሎረንስ ውስጥ በሜዲቺዎች ላይ ያደሙትን ሰዎች ተሰቅለው እንዲሥል በመንግሥት ተቀጥሯል። ካርታው ላይም የሰውየው ጥንታዊ ስም «ከሃዲው» ነው። እንግዲህ አስበው፤ ዕቁብ በልቶ የጠፋ ሰው ሁሉ መርካቶ መግቢያ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ቢሣል! ሠዓሊ ሥራ ፈት አይሆንም፣ ግድግዳም አይበቃንም። ለአማቴ ይህን ስነግራቸው አልሳቁም፤ የሚያውቋቸውን ሰዎች በሆዳቸው ይቆጥሩ ነበር መሰለኝ።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር አለው። ይህ ማኅበር የሣርህን ቁመት፣ የደጃፍህን መብራት፣ የቆሻሻ ባልዲህ የሚወጣበትን ሰዓት የሚወስን አካል ነው፤ እድር ለቅሶ ትቶ ቁጥጥር ብቻ ቢይዝ እሱን ይሆናል። ደብዳቤው አጥር መቀባት የሚቻለው በጸደቀው ዝርዝር ውስጥ ባሉት ቀለሞች፣ ማለትም በቡናማ፣ በግራጫና በተፈጥሮ እንጨት ብቻ መሆኑን ያሳስባል። ሰይጣን አትሣይ አይልም፤ ጉዳዩ ቀዩ ቀለም ነው። ጎረቤቴ ደብዳቤውን ይዛ እኛ ማድ ቤት ገብታ ተቀመጠች፤ ፊቷ ወርዷል። ያለቁት ካርታዎች በቡናማ ሊደመሰሱ ነው።

አማቴ ጉዳዩ ሲነገራቸው የተገረሙት በማኅበሩ ሳይሆን በጎረቤቴ ነው። «ለመሆኑ ግድግዳ ላይ በቀጥታ የሚሥል ማነው? አቡጀዲ ነው እንጂ።» ከዚያ እንደሚያውቁት ተረኩት፦ ሠዓሊው ጨርቁን ወጥሮ ይሥልበታል፤ ሲያልቅ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በሙጫ ይለጥፈዋል። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈርሳል፤ ጨርቁ ግን ተልጦ ሌላ ግድግዳ ላይ ይሄዳል። ጎረቤቴ ዓይኗ በራ። ከኛ የሦስት ሰዓት መንገድ በማይሞላው በፊላደልፊያ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የግድግዳ ሥዕል የሚያሠራው ድርጅት እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ ሰዎች በየቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየእስር ቤቱ ተቀምጠው ስስ ጨርቅ ላይ ይቀባሉ፤ ከዚያ ሕንፃው ላይ ይለጠፋል። ፊላደልፊያና ጎንደር ሳይጠያየቁ ተስማምተዋል።

በማግስቱ ቀለም ቀቢዎች ወለል እንዳይበላሽ የሚያነጥፉትን ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ገዝታ መጣች። አማቴ በሁለት ጣታቸው አሻሽተው መረመሩት። «ይሄማ አቡጀዲ ነው፤ ስሙን ለውጠው በዶላር ይሸጡታል።» ጨርቁ ኮምፔንሳቶ ላይ ተለጠፈ፣ ነጭ ተቀባ፣ ተሣለ፣ ፀሐይ እንዳይበላው ቫርኒሽ ተደረገለት፣ በመንጠቆ አጥሩ ላይ ተሰቀለ። አጥሩ በጸደቀው ቡናማ ተቀባ። ለማኅበሩም መልስ ተጻፈ፦ አጥሬ ቡናማ ነው፤ ላዩ ላይ የምታዩት የተሰቀለ ሥዕል ነው፤ ደንባችሁ ስለ ሥዕል የሚለው ነገር ካለ አንቀጹን ጥቀሱልኝ። እስካሁን አልጠቀሱም።

ሰላም ወረደ ስንል 15ኛው ካርታ መጣ፤ ሰይጣን። በካርታው ላይ ቀንድና የሌሊት ወፍ ክንፍ አውጥቶ፣ ከሥሩ ሁለት ሰዎች በሰንሰለት አስሮ፣ ፊት ለፊት አፍጥጦ ያያል። አማቴ ሰይጣን መሣሉን አልተቃወሙም፤ የእኛም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሰይጣን ሞልቶታል። የተቃወሙት ሌላ ነገር ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ጓሮዋ ድረስ ሄዱና በጣታቸው አንድ ዓይኑን ከለሉት።

«ሁለት ዓይን ሰጠችው!»

ነገሩ ለማያውቅ ይገርም ይሆናል። በእኛ አሣሣል ጻድቅ ፊት ለፊት ነው የሚያይህ፣ በሁለት ዓይኑ። ኃጥእ፣ ወታደሩ፣ ይሁዳ፣ ሰይጣን ራሱ በጎን ነው የሚሣለው፣ በአንድ ዓይን። ሕፃን ልጅ እንኳ ግድግዳው ሥር ቆሞ ማን ማን እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው። ለሰይጣን ሁለት ዓይን መስጠት ለአማቴ መሾም ነው። ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ ብሩሿን አስቀምጣ ማስታወሻ ደብተር አወጣች። እንዲህ ያለ ጥልቅ ምሥጢር በመጽሐፏ ውስጥ አላገኘችም። ከሳምንት በኋላ ሰይጣን አንገቱን ወደ ጎን ዞሮ፣ አንድ ዓይኑን ብቻ እያፈጠጠ፣ የኛን ጓሮ ትቶ የማኅበሩን ሰዎች ወደሚያይበት አቅጣጫ ተሰቀለ። አማቴ መረቁት። ሥዕሉን ማለቴ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ጠልሰም ላነሣ ዳዳኝ፤ የእኛ ደብተራዎች በሰውየው ቁመት ልክ ብራና ቆርጠው፣ ዓይን ብቻ በዓይን ላይ ደርድረው ለመድኃኒት እንደሚሥሉት ልነግራት። አማቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ። ያ የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ለፈረንጅ አይወጣም።

በጥንቆላ ላይ ያላቸው አቋም ግን አልተናወጠም። አንድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ካርታውን ይዛ መጣችና ረከቦቱ አጠገብ ዘረጋችው፤ ለማሳየት ያህል። አማቴ ፊታቸውን አዞሩ። «እኔ በዚህ አላምንም። ክርስቲያን ነኝ።» ትንሽ ዝም አሉ። «ግን ጠይቃት፤ የሚቀጥለው ወንድ ነው ወይ?»

ካርታው ተበወዘ፤ አማቴ ስበው አወጡ። ዜሮ ቁጥር ያለበት፣ «ሞኙ» የሚባለው ወጣ፦ አንድ ጎረምሳ ጨርቁን በበትር ላይ ቋጥሮ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ፣ ገደል አፋፍ ላይ ሲራመድ፣ ከኋላው ትንሽ ውሻ እየጮኸችለት። አማቴ ካርታውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ይሄማ የልጄ ባል ነው።»

ባለቤቴ እስክታለቅስ ሳቀች። ጎረቤቴ ምን እንደተባለ ጠየቀችኝ፤ በጣም ደስ ብሏቸዋል አልኩ። አማቴ ዝምድና እንዳይጎድል ብለው በተራቸው የጎረቤቴን ስኒ ደፍተው ገለበጡ፣ አተላውን አነበቡላት፦ መንገድ ይታያል፣ የሚመጣ ሰው አለ፣ ወገቧን ቅዝቃዜ እንዳታስመታው። «ይሄስ ጥንቆላ አይደለም ወይ እማማ?» ብላቸው፣ «ይሄ ጨዋታ ነው» አሉኝ። የሚላኑም መስፍን የንስሐ አባቱ ቢጠይቁት ሌላ መልስ አይሰጥም ነበር።

አማቴ አገራቸው ከገቡ ወዲህ በየሳምንቱ ይደውላሉ። ሕፃኑ ጥርስ አወጣ ወይ ብለው ይጀምሩና በሁለተኛው ጥያቄ አጥሩ ላይ ይደርሳሉ። 22ቱ ካርታዎች አልቀዋል፤ 11ዱ ክፋይ ሞልቷል። ጎረቤቴ ግን አላረፈችም። የቀሩት 56ቱ አሉ፤ ለእነሱ 28 ክፋይ ያስፈልጋል፤ የእሷ አጥር አልቋል። በቀደም የኛን አጥር በእግሯ ስትለካ በመስኮት አየኋት። ባለቤቴ ከወዲሁ የምትፈልገውን መርጣለች፤ ሌሊት አልጋዋ ላይ ተነሥታ ፊቷን በሁለት እጇ የያዘችውን፣ ዘጠኝ ሰይፍ ከጀርባዋ ግድግዳ ላይ የተደረደረባትን ሴት። ከወለደች ጀምሮ ሌሊቱን የምታሳልፈው እንዲያ ነውና መኝታ ቤቱ ትይዩ ይሰቀልልኝ ብላለች።

ለአማቴ በስልኩ መስኮት የካርታዎቹን ሥዕል አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ልብ ላይ ሦስት ሰይፍ የተሰካበትን የእመቤታችን ኀዘን ነው ብለው አጸደቁት። ባለ አሥር ሰይፉ ካርታ ላይ ስንደርስ መነጽራቸውን አስተካከሉ፤ ሰውዬው በደረቱ ተደፍቶ አሥሩም ሰይፍ ጀርባው ላይ ተሰክቷል።

«ፍቀድላት» አሉኝ። «ይቺን ግን በማኅበሩ ሊቀ መንበር ቤት በኩል ትስቀላት። ፊቱም በጎን ይሁን።»